ባርኔጣ የለበሰው ባልዲ

ከኦላንጎ ደሴት ወደ ማክታን ደሴት በሚሻገረው ጀልባ ላይ፣ ፀሐይ መላጣውን እያቃጠለችው ባርኔጣውን ለባልዲ ያለበሰ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የሱሪው ኪሶች ተሰፍተው ተዘግተዋል።

«ማኖይ፣ ባልዲው ውስጥ ምን አለ?» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ማንጎ ሻጭ፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ።

«ዓሣ አድኖ የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ።»

«ቀንድ አውጣ? እስኪደርስበት ዓሣው ያረጃል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

«አይሮጥም፤ በመርዝ ይወጋል። አባቴ ውብ ዛጎል አገኘሁ ብሎ ኪሱ ከተተው፤ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ ወግቶት ሳይመሽ ሞተ። አሁን ሐኪሞች ከመርዙ የሕመም ማስታገሻ ሊሠሩ ይጠብቁኛል። ውሃው ከሞቀ ግን ይሞትብኛል።»

ፀሐይዋ ስትዞር፣ ባልዲው ጥላው ውስጥ እንዲሆን እሱም አብሯት ዞረ።

«ጠላትህን ውደድ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በባርኔጣ እንደሚፈጸም ግን አላውቅም ነበር።