ምድጃው ያረፈ ዕለት

ማማሰያ ድስት አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ ልጅነቴ ከነጭሱ ተመልሶ ይመጣብኛል። እናቴ ለምግብ ማንንም በስሙ ጠርታ አታውቅም ነበር። ወጡ ሲደርስላት ማማሰያውን አውጥታ የድስቱ አፍ ላይ ታንኳኳና ዝም ትላለች፣ እኛም ከያለንበት እንሰበሰባለን። ቤታችን ደብረ ብርሃን፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደጀኔ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ተጨምረን ሁላችንም በዚያች ድምፅ እየተሰበሰብን ነበር የምንኖረው።

ክረምት ሲገባ ኩበቱ ይረጥብና እሳቱ እምቢ ይላል። ኩሽናው ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ስለነበር፣ እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በጭቃው እየተንሸራተተች ትገባና፣ ተንበርክካ እፍ ስትል፣ ስታስልና ዓይኗን ስታሽ ትውል ነበር። የምሳውን ዕቃ አጥባ ሳትጨርስ እራት ይደርሳል፣ እራት አብልታ ወገቧን ሳታሳርፍ ለነገ የሚለቀም ምስር ይጠብቃታል። ከምድጃው ጋር የምትጣላው ያን ጊዜ ነው። እንደ ጎረቤት ሴት አንቺ እያለች ነበር የምታናግረው።

«አንቺ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ ብታሳርፊኝ?» ትለዋለች። እኛ በር ላይ ቆመን እንስቅ ነበር።

እንዲህ ስትል ለሰማት ምድጃውን ለሌላ ሰው ብትለቅ ደስ የሚላት ይመስላል። አንድ ጊዜ አክስቴ ከአንኮበር ለጥየቃ መጥታ፣ ዛሬ እኔ ልሥራና አንቺ ተቀመጪ ብላ ወጥ ጣደች። እናቴም ተቀመጠች፤ መቀመጥ ከተባለ። እሳቱ በዛ ብላ ትነሳለች፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም ብላ ትነሳለች፣ በመጨረሻ አክስቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ጠብቃ በርበሬ ጨመረችበት፤ ለካስ አክስቴም በርበሬውን ቀደም ብላ ጨምራው ኖሯል። ያን ዕለት አፋችን እየተቃጠለ፣ እንባችን እየወረደ በላን፣ አክስቴም ተቀይማ በማግስቱ ወደ አገሯ ወረደች።

ክረምቱ ወጥቶ የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይበዛል። አንድ እሑድ እናቴ ለሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወጣት ካድሬ፣ ሴት ልጅ ድርብ ጭቆና እንዳለባትና ከማጀት ነፃ መውጣት እንደሚገባት ስታስረዳ ዋለች፤ እናቴም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች። ቤት ስትመለስ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ እኛም ከብርዱ የተነሳ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን፣ ሁላችንም በሩን በሩን እያየን ቁጭ ብለናል። እናቴ አየችን። የክት ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ምድጃው ሥር ተንበረከከችና፣ «ነፃ ወጥቼ መጣሁ» ብላ እሳቱን እፍ ማለት ጀመረች። አባቴ እንኳ ሊስቅ ፈልጎ አፉን በእጁ ያዘ።

ሁዳዴ ሲገባ ሥራዋ ይብሳል። ቅቤ በሌለበት፣ ዘይትም ከቀበሌ ሱቅ አንዳንዴ ብቻ በሚገኝበት ዘመን፣ ያንኑ ሽሮ በየቀኑ ማጣፈጥ ትልቅ ጣጣ ነበር። አባቴ ጣፈጠም መረረም ዝም ብሎ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ የሚነሳ ሰው ነው። እኔና እህቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናኮርፍ ነበር። ደጀኔ ግን ሁሉም ከተነሳ በኋላ ድስቱን ወደ ራሱ ስቦ፣ እንጀራ ቆርሶ፣ ዙሪያውን እየጠረገ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይበላው ነበር። እናቴ፣ ድስት የሚጠርግ ልጅ በሠርጉ ቀን ዝናብ ይዘንብበታል እያለች ትቆጣዋለች፣ ግን ድስቱን አትነጥቀውም። ቆማ ስታየው ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም። ደመወዟ ያ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ደጀኔ አባቴ የሰፋቸውን ሱሪዎች ለመሸጥ እነዋሪ ገበያ ሄደ። ያን ቀን እናቴ ማማሰያውን አንኳኳች፣ እኛም ተሰበሰብን፣ እሱ ግን ቀረ። ገበያው ውስጥ ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሱት ልጆች ጋር በመኪና መጫኑን አብሮት የሄደ ጎረቤት መጥቶ ነገረን። እናቴ በሶና ጭኮ አዘጋጅታ ወደ ማሠልጠኛው በሰው ላከችለት፤ ይድረሰው አይድረሰው ግን አላወቅንም። በዚያ ክረምት ኩበቱ እንደ ልማዱ ረጠበ፣ እሷም እንደ ልማዷ ከምድጃው ጋር ተጣላች።

የደጀኔ መርዶ የመጣው በጥር ነው። ጎህ ሲቀድ የአባቴ የንስሐ አባትና የሰፈር ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ነበር። ሠርግም አልነበረም፣ ዝናብም አልዘነበም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ በውርጭ ነጭ የሆነ ዕለት ነበር።

በአገራችን ልማድ የለቅሶ ቤት እሳት አያነድም። ጎረቤት እየተቀባበለ ሞሰቡንና ድስቱን ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቶቹ ይቀመጣሉ። እናቴም ተቀመጠች። ሴቶቹ እየቆረሱ፣ እህል ቅመሺ እያሉ ወደ አፏ ያስጠጉላታል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ጓሮ ስወጣ ኩሽናው ውስጥ አመዱ ቀዝቅዞ፣ ማማሰያው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አየሁት፤ የገዛ ቤታችን አስፈራኝ። ስመለስ እናቴ እጄን ያዘችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ፣ «አንድ ቀን ልረፍ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። እጄን ሳላስለቅቅ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ልጅ ነበርኩ።

ሣልስቱ ሳይደርስ ብድግ ብላ ወደ ኩሽናው ሄደች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ተከትላት፣ ሰው ምን ይላል፣ ነውር ነው ብላ ለመነቻት። እናቴ አመዱን ጠርጋ፣ ኩበቱን ደርድራ፣ እፍ ብላ አነደደች፤ ያ የምናውቀው ጭስ ጓሮውን ሞላው። ጥቂት ቆይቶ ማማሰያው ኳ ኳ አለ። እኛም ከለቀስተኛው መሀል ተነስተን ሄድን።

በላን። ስንጨርስ ድስቱ ውስጥ የአንድ ሰው ሽሮ ተርፎ ነበር። እናቴ ድስቱን አየችና፣ «ለእጄ መርዶ የነገረው የለም» አለች።

አባቴ ድስቱን ወደ ራሱ ሳበ፣ እንጀራ ቆረሰ፣ ዙሪያውን ቀስ እያለ ጠረገው፤ እየታገለ፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በላው። ከዚያም በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን፣ «ጣፍጦልሻል፣ አስካለ» አላት። እናቴ እስኪበቃት ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ምድጃውን ተናግራው አታውቅም። ኩበቱ ሲረጥብ ዝም፣ ጭሱ ሲያፍናት ዝም። በልጅነቴ የቤታችን ጭቅጭቅ ይመስለኝ የነበረው ነገር ሰላማችን እንደነበረ የገባኝ እሷ ዝም ስትል ነው። እንደገና በተጣላች እያልኩ እመኝ ነበር።

ዛሬ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ጭስ የለብኝም፣ ቁልፉን ሳዞር ምድጃው ይግላል። ባለቤቴና ልጆቼ ስልካቸውን እያዩ ይበላሉ፣ በልተውም ይነሳሉ። ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ የሚለው ሐሳብ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳል፣ ይደክመኛል፣ ይሰለቸኛል፣ ያቺ የእናቴ ልመናም ምላሴ ጫፍ ላይ ትመጣለች። እውጣታለሁ። ከዚያ ማማሰያውን አንስቼ የድስቱ አፍ ላይ አንኳኳለሁ፣ ሁሉም መምጣታቸውንም በዓይኔ እስካይ ድረስ አልቀመጥም።