ከኋላ ወንበር የተማርኩት ቻይንኛ

በቅርቡ ነው። ጄኔቫ ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ በምሠራበት ሆቴል በር ላይ አንድ የቻይና ቤተሰብ ታክሲ አሳፈርኩ። ዝናቡ ያካፋል። ሻንጣዎቹን ጭኜ በሩን ልዘጋ ስል፣ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ በእጃቸው ወደ ፊት እያመለከቱ ሹፌሩን «ዪ ጅ ዞው» አሉት። ሹፌሩ አልገባውም። ዞሮ እኔን አየኝ።

«ቀጥ ብለህ ሂድ ነው የሚሉህ» አልኩት በፈረንሳይኛ።

«አንተ ደግሞ ቻይንኛ ከየት አመጣህ?» ብሎ ሳቀ።

በሩን ዘጋሁና እዚያው ዝናቡ ላይ ቆምኩ። የማውቀው ቻይንኛ ታክሲ ውስጥ የሚነገረውን ብቻ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥታ፣ እዚህ አቁም፣ ቶሎ በል። ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልችልም። እንዴት እንደተማርኩት ለመናገር ወንድሜን ማንሳት አለብኝ። እሱን ማንሳት ደግሞ፣ እንዴት ልበል፣ አሁንም ይከብደኛል።

ዘሪሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ጫማ ይነግድ ነበር፤ ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንዡ ይመላለሳል። እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ከታሰሩት የሰፈራችን ልጆች ጋር ስሜ ስለተነሳ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ብዙ ተንከራትቼ ስዊዘርላንድ ገባሁ። ያኔ የምኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል ነበር። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ፣ ድንች እልጣለሁ። ጥገኝነቴ ጸድቆ የጉዞ ሰነድ ከተሰጠኝ ብዙም አልቆየም። በሰነዱ ከኢትዮጵያ በቀር ወደ ሁሉም አገር መሄድ ይቻላል። በቀር የምትለዋ ቃል አላስጨነቀችኝም። ዘሪሁንን ቻይና ሄጄ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር።

በኅዳር እዚያው ጓንዡ ሳለ ታመመ። ሲደውልልኝ ድምፁ ደክሟል፤ ቀልዱን ግን አልተወም።

«ጉበት ነው ይላሉ። አትደንግጥ።»

«ልምጣ?»

«ና። ግን ከአየር ማረፊያው በታክሲ ና፤ ባቡራቸው ውስጥ ከገባህ ፈልጎ የሚያወጣህ የለም። ሹፌሮቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ጥቂት ቃል ለምደህ ና።»

«በዚች ጊዜ እንዴት እለምዳለሁ?»

«አውቃለሁ፣ አንተ ቋንቋ ላይ ሰነፍ ነህ። ግራና ቀኝ ማለት ግን አያቅትህም፣ ናቲ።»

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ቪዛ አመለከትኩና እስኪወጣ መጠበቅ ጀመርኩ። እኛ ኩሽና ውስጥ ፍራው ሊን የምትባል የቻይና ሴት ነበረች። ሾርባ የምትሠራው እሷ ናት። ገብሱ በትልቁ ድስት እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ መስኮቱን እየሸፈነው፣ በማማሰያዋ የድስቱን ጠርዝ እየመታች አስተማረችኝ። ለግራ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነሳለሁ፤ ለቀኝ ከላይ እጥለዋለሁ። ስሳሳት ማማሰያው ይጮኻል።

«እባክህ አታብዛ» አለችኝ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ። «ሦስት ጊዜ እባክህ ካልከው መንገዱን እንደማታውቅ ይገባዋል። ከተማውን ሁሉ ያዞርሃል።»

«አላውቅም እኮ።»

«ታዲያ እሱ ለምን ይወቅ?»

ቃላቱን ድንች ስልጥ እላቸዋለሁ፣ ባቡር ውስጥ እላቸዋለሁ። ግን ከሰው ጋር ልሞክራቸው ፈለግኩ። የምሄድባት ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ ሽማግሌ ጋሽ ታምሩ ዙሪክ ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩባቸው።

«ጋሽ ታምሩ፣ እርስዎ ቻይናዊ ሹፌር ይሁኑልኝ፤ እኔ ከኋላ ልቀመጥ።»

የኋላውን በር ከፈቱልኝ። ከዚያ «እሺ፣ ግባ» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያን ቀን ዘሪሁን በሕይወት አልነበረም። ማክሰኞ ሞቷል። ጓደኞቹ አዲስ አበባ ደወሉ፤ እህታችን ለጋሽ ታምሩ ደወለች። ናቲ ብቻውን ሆኖ በስልክ እንዳይሰማ፣ ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዱት አለች። ሰው ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ይሁን ተባለ። ጉባኤው በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሲል የሚባለውን ወንዝ ተከትለን ወጣን። ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰዋል። ታክሲው ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል፤ ጋሽ ታምሩ ወረፋ ሲጠብቁ እየላጡ ይበሉ ነበር። የቃላቱን ትርጉም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

«ዮ ጇን!» አልኩ። ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«ዝዎ ጇን!» ወደ ግራ ማለቴ ነበር፤ አሁንም ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«ይሄ ሹፌር ደንቆሮ ነው!»

«ደንቆሮስ ተሳፋሪው! እያዘዝከኝ ነው እየዘፈንክልኝ?»

ሳቅኩ። እርሳቸውም ሳቁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አይቻለሁ። ያንን ትከሻ ስንት ጊዜ እንዳስታወስኩት!

ከዚያ ዋናውን አወጣሁ። «ቺንግ ቹ ዪ ዩወን። ኳይ ዪዴን!»

«ይሄኛውን አልነገርከኝም።»

«ወደ ሆስፒታል ውሰደኝ፣ ቶሎ በል ነው።»

አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አቆሙ። «ሞተሩ ይሸተኛል» ብለው ወረዱ። የመኪናውን ክዳን አልከፈቱም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ መልሰው ጠረጉ። እኔ ግን ውስጥ ሆኜ ድምፄን እያስተካከልኩ ነበር። ሆስፒታል፣ ቶሎ በል። ሆስፒታል፣ ቶሎ በል።

ሲመለሱ «ስልኩን ለምን አያነሳም ግን?» አልኳቸው።

«ሆስፒታል ውስጥ ከልክለውት ይሆናል። ደህና ነው። አንተ ብቻ ምግብ ብላ።»

ደህና ነው አሉኝ።

ዓርብ ቪዛው ወጣ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላቸው። «ትኬቱን ሰኞ ግዛው፣ ይረክሳል» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው፣ ለመንገድህ እንጸልይልህ ብለው ቪንተርቱር ከተማ አንዲት የጉባኤያችን እህት ቤት ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ ለቀልድ በቻይንኛ ግራ አልኳቸው። አንገታቸውን አላዞሩም።

ደረጃው በጫማ ተሞልቷል። በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ተናገሩ ግን። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ?»

«ማክሰኞ» አለ አንዱ።

ሬሳው ወደ አዲስ አበባ ሊጫን ነው አሉኝ። ወንድሜ ታሞ የተኛበት አገር የሚያስገባ ቪዛ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሚቀበርበት አገር የሚያስገባኝ ወረቀት ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

ሰው ሲበተን ጋሽ ታምሩን ያዝኳቸው። «ሐሙስ ሲስቁ ያውቁ ነበር?»

«አዎ ልጄ።»

«እንዴት ቻሉ?»

«አንተ ስለሳቅክ ነው የሳቅኩት።»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ወደ ጄኔቫ ተዛወርኩ። በበዓል በበዓል ይደውሉ ነበር፤ አላነሳሁም። በኋላ ተዉት።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳው ስለ ሽማግሌው ቻይናዊ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት፣ የሙባረክ እናት ደሴ ላይ አረፈች። ሙባረክ እኔ በምኖርበት የጄኔቫ ሰፈር፣ ለዛቫንሼ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ሙያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። ሰዎች መጥተው ቅዳሜ እናረዳዋለን፣ አንተም ተገኝ አሉኝ። እንኳን እስከ ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓትም አላቆይበትም አልኩ በልቤ። ወዲያው ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ በጓሮው በር አስጠርቼ ነገርኩት። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነበር። በሽርጡ ጠረገው።

«ሌሎቹ መቼ ሊነግሩኝ ነበር?»

«ቅዳሜ።»

«ብትተወኝ ምን ነበረበት፣ ጋሼ? እስከ ቅዳሜ እናት ይኖረኝ ነበር።»

እኔ እነዚያን ቀናት ሰረቁኝ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ይኸው እኔም ከአንድ ልጅ ሰረቅኩ። በየትኛው በኩል ትክክል እንደሆንኩ አላውቅም፤ ምናልባት በየትኛውም በኩል ትክክል የለም። ጋሽ ታምሩ አርጅተዋል፣ መንዳትም ትተዋል ይሉኛል። ትናንት ቁጥራቸውን አውጥቼ አየሁት። አልደወልኩም። ይቅር ብያቸው ቢሆን ይሻል ነበር። ግን ወንድሜን የማስታውሰው በዚህ ንዴት ነው፤ እሱንም ከተውኩት ከዘሪሁን ምን ይቀረኛል?