በክርስትናው ዕለት የወለቀው ጄሶ

የልጄ ግራ እግር ጠማማ መሆኑን ያየሁት በተወለደ ዕለት ነው። አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ አጥበው ሲሰጡኝ ውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግሩ ዞሮ ነበር። ሁለታችንም አየን። አማቴ በጨርቅ ጠቀለሉት።

በማግስቱ፣ «እርጉዝ ሳለሽ ሊማሊሞ ላይ ቆመሽ ገደል አይተሻል» አሉኝ።

አይቻለሁ። መኪናው ተበላሽቶ ነበር፤ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀኝ ሴት ነኝ። ከደባርቅ ጎንደር ሐኪም ቤት ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ የቀበሌው ሊቀ መንበር ምክንያቴን ጠየቀኝ። «እግር» ብዬ አቀረቀርኩ። እሱም «የጉዞ ምክንያት፦ እግር» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ጎንደር ያየን ሐኪም ወጣት ነው። እንዲህ ሆነው የሚወለዱትን ሕፃናት ስለሚመዘግብ ቅጽ አውጥቶ ጠየቀን። ከዘመድ እንዲህ ያለ ተወልዷል? በእርግዝናሽ መድኃኒት ወስደሻል?

«ገደል አይታለች፤ እሱን ይጻፉ» አሉት አማቴ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ገደል ማየት እግር ቢያጣምም ኖሮ ደባርቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይገኝም ነበር። ይሄ ክለብ ፉት ይባላል። በየአገሩ ይወለዳል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን አናውቀውም፤ የማንም ጥፋት አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በየሳምንቱ እያቃናን በጄሶ እናስረዋለን። አሁን እግሩ ለስላሳ ስለሆነ ይታዘዛል። ከተተወ በእግሩ ጎን እየረገጠ ነው የሚያድገው። ጄሶውን ውኃ አይንካው።»

ሁለት ጊዜ ታሰረ። መቃናት ጀመረ። አርባ ቀኑ ደረሰ።

ጄሶውን ሰው እንዳያይብን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አማቴ ለቄሱ፣ «አባ፣ እግሩ ላይ ቁስል አለው፤ ጨርቁ አይፈታ» አሏቸው።

«ቁስል ከሆነማ ጠበሉ የሚፈልገው እሱን ነው» አሉና ሦስት ጊዜ ነከሩት።

መናገር ነበረብኝ። ጄሶው ረሰረሰ። ልጄ ተንፈራገጠ። ጄሶው ከነጨርቁ ወልቆ ገንዳው ውስጥ ቀረ። ዲያቆኑ ያንን እግር የመሰለ ነገር በሁለት እጁ አወጣውና፣ «አባ፣ እግሩ!» ብሎ ደርቆ ቀረ።

ቄሱ የልጁን እግሮች ቆጠሩ። ሁለት ናቸው። እንደገና ቆጠሩ።

ያን ጊዜ እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ቄሱ ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ ብትነግሪን እኮ እግሩን ወደ ላይ ይዘን ውኃውን በእጃችን እናፈስበት ነበር» አሉኝ።

ሐኪሙ እግሩን ሲያይ መልሶ መዞር ጀምሮ ነበር። አልተቆጣም። አዲስ ጄሶ እያሰረለት፣ «ሌላ ክርስትና የለውም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። አማቴ ቀልድ መሆኑ ስላልገባቸው ክርስትና አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱት።

ከዚያ በኋላ ለወራት ደባርቅና ጎንደር እየተመላለስን፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ ጄሶው ምን እንደሆነ እየነገርኩ፣ አንዷ ተሳፋሪ ስትመርቀኝ ሌላዋ ስታማትብ ከረምን። በመጨረሻ ጄሶው ቀርቶ ማታ ማታ እግሮቹ የሚታሰሩበት፣ ሁለት ጫማ የተገጠመለት ሰሌዳ ተሰጠን። ልጄ ዓመት ከመንፈቁ ላይ ሁለቱንም ውስጥ እግሮቹን መሬት አስነክቶ ሄደ።

ሐኪሙንና አብረውኝ የተመላለሱትን አማቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለዳችሁ እናቶች፣ በተወለደበት ሳምንት ለሐኪም አሳዩት፤ ለሚይዘው ሰው ሁሉም ንገሩ። መጨረሻ ለምርመራ የሄድን ዕለት አጠገቤ አንዲት አራስ ልጇን እስከ አንገቱ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ምንም አልጠየቅኳትም፤ የልጄን ጫማ አውልቄ እግሩን ጭኗ ላይ አደረግሁት። እሱም በዚያው በግራው ረገጣት። ይቅርታ እየጠየቅኳት ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ቀስ ብላ የልጇን መጠቅለያ መፍታት ጀመረች።