ሽማግሌ ልኬ የገዛሁት የበረዶ መጥረጊያ

ባሕር ዳር አጠገብ ካለችው መንደራችን ከሰባታሚት የወጣን ማታ ልጄ ትርንጎ ያሏትን ቀሚሶች ሁሉ ደራርባ ለብሳ ነበር፤ ሻንጣ ይዞ የሚታይን ሰው ቀበሌ ያስቆመዋልና። እኔም ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ከእኛ ጋር መውጣት የነበረበት ታላቁ ልጄ አዱኛ አልደረሰም። የወታደር አፈሳው ሲጠና ደቅ ደሴት ከታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሸሽገነው ነበር፤ ወንድሜ ቄስ ናቸው። ያን ዕለት ጣና በነፋስ ተነሣ፤ ታንኳ የሚደፍረው አልሆነም። ወንድሜ አስቀድመው፣ «ካልደረስን ሂዱ፤ ልጁ በእኔ ነው» ብለው ልከውብኝ ነበር። ወደ መተማ ሊያሻግረን የተዋዋለውን የጭነት መኪና ሹፌርም እንኳን የሐይቅ ነፋስ የእናት ለቅሶም አያቆመው። ሄድን።

ፈሪ መሆኔን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። እስከ መተማ ድረስ መለዮ ለባሽ ባየሁ ቁጥር ትርንጎን ክንዷን እጨብጣት ነበርና ገዳሪፍ ስንደርስ ክንዷ ጠቁሯል። «እማ፣ ወታደር እንኳ እንዲህ አያስርም» አለችኝ። ገዳሪፍ ከርመን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ካናዳ ወሰዱን።

የደረስንበት አገር ሳስካችዋን ይባላል። ጣናን አስቡት፣ ውሃው ደርቆ ስንዴ ቢዘራበት። እንዲያ ነው፤ ዓይን የሚያሳርፍ አንድ ደሴት የለውም። ዓሣ አለ፣ ግን ጭንቅላት የለውም፤ በካርቶን ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከየት እንደወጣ፣ መቼ እንደሞተ የሚነግራችሁ የለም። በረዶ ሲሉኝም ጤፍ የሚያረግፈውን የእኛን በረዶ መስሎኝ፣ «ከዛፍ ሥር ቆመን እናሳልፈዋለን» ብዬ ነበር። የዚህ አገሩ ድምፅ የለውም። ማታ ምንም የለም፣ ጧት ደጃችሁ የለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ አዱኛን ማምጣት። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ትርንጎ እያስተረጎመች ጠየቅሁ። ሹሙ ቀጭን ሰው ነው፤ ከብዕሩ ቀና አይልም።

«ልጅሽን ለማስመጣት ቋሚ ቤትና ሥራ ሊኖርሽ ይገባል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«በረዶ መጥረግ።»

«ከዚህ በፊት ጠርገሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ሲወርድ።»

አሁን ቀና አለ። «ሲቀልጥስ?»

«ምነው፣ ሁለተኛ አይወርድም እንዴ?» አልሁት። ትርንጎ ይህን መተርጎም አልፈለገችም፤ ቆንጠጥ ሳደርጋት ተረጎመችው። ሰውዬው ሳይስቅ፣ «ክረምቱ ገብቶ አሁን ካለሽበት ቤት ካገኘሁሽ ጉዳይሽን አየዋለሁ» አለ።

ቤቱ የእትዬ ዶሪስ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ እኛ የምንኖረው ከቤታቸው ሥር ካለው ምድር ቤት ነው። ውላችን ይህ ነበር፤ ከአውራ ጎዳናው እስከ ደጃቸው ያለውን ረጅም መንገድ ክረምቱን ሙሉ እኔ ከጠረግሁ ኪራይ አልከፍልም። ካልጠረግሁ ግን ሌላ ሰው ይገባል፤ ይህን ፈገግ ብለው ነው የነገሩኝ። ባላቸው የተዉት ትንሽዬ ትራክተር ጋራዥ ውስጥ ቆሟል፤ ቁመቱ ከአንድ ደኅና በሬ አይበልጥም። የበረዶ መጥረጊያ ዕቃዎቹን ግን ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ሸጧቸዋል። ሞተር አለ፣ የሚጠመድበት የለም። ቀንበሩና ሞፈሩ የተሸጠበት በሬ ማለት ነው።

በበጋ ድንች ለቅሜ የያዝሁት ገንዘብ አዲስ አይገዛም። ያገለገለ የሚሸጥ ገበሬ አለ ሲሉን፣ አቶ ሙላት በመኪናቸው ወሰዱን። አቶ ሙላት ጎንደር አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ዳቦ ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሰው ናቸው። ከመሄዴ በፊት ከትራክተሩ ጀርባ ዕቃ የሚታሰርባቸውን ክንዶች በመቀነቴ ለክቼ፣ ልኩ ላይ ቋጠሮ አስሬ ሄድሁ።

ገበሬው ካርል ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። ሁለት ዕቃ አወጣ። አንደኛው ብሌድ ይባላል፤ በረዶውን እየገፋ ወደ ዳር የሚያወጣ ሰፊ ብረት ነው። ሁለተኛው ብሎወር፤ በረዶውን በጥርሱ እየፈጨ በአንገቱ ወደ ሩቅ የሚተፋ። ሁለቱም አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። እኔ ደግሞ የአንበሳሜ ገበያ ልጅ ነኝ። ነጋዴ ከገበያ በፊት በሬውን አሞሌ አስልሶ ውሃ እንደሚያጠጣው፣ ሆዱ ሞልቶ እንዲታይ፣ አባቴ አሳይተውኛል። ተንበርክኬ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅሁ፤ የብሌዱን ከንፈር ዳበስሁ፤ የብሎወሩን ጥርስ አንድ በአንድ ነካካሁ። መቀነቴን ፈትቼ ብሎወሩን ለካሁት፤ ቋጠሮው ልክ ማሰሪያው ላይ አረፈ።

ካርል ትርንጎን፣ «እናትሽ ምን እያደረገች ነው?» አላት።

«ጥርሱን እያየች ነው።»

«ይሠራል በያት።»

«ይሥራና ልየው» አልሁ። «ሳይጠመድ አይገዛም።»

«በረዶ የለም እኮ ገና።»

«ገለባ አለህ።»

ሰውዬው ኮፍያውን አነሣ፣ መለሰ። ብሎወሩን ከራሱ ትራክተር ጋር አሰረና አስነሣው፤ ገለባውን ስንጨምርለት ጎርሶ በአንገቱ ተፋው፣ ሁሉም አቶ ሙላት ላይ። ካፖርታቸው አውድማ መሰለ። ካርል ይህን ጊዜ ሳቀ። ዕቃውን ወደድሁት።

ዋጋ ጠራ። እኔ እኩሌታውን ጠራሁ። «አይሆንም፣ ዋጋው እሱ ነው» አለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚደረገው በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ነጠላ አጣፍቶ መሄድ። ሻጩ ይጠራሃል፣ ትመለሳለህ፣ መሐል ላይ ትገናኛላችሁ። ተነሥቼ ሄድሁ።

«እማ፣ አልጠራሽም» አለች ትርንጎ።

«ዝግ በይ። ይጠራኛል።»

ዝግ አልን። መኪናው ዘንድ ደረስን። በሩን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትሁ። ዘወር ብል ካርል እጁን ያውለበልባል፤ መልካም መንገድ ማለቱ ነው። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ። ያን ያህል የደነገጥሁት መተማ ላይ እንኳ አይደለም። እንዳልመለስ፣ ሳይጠራ የተመለሰ ገዢ መሳቂያ ነው፤ እንዳልሄድ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። አቶ ሙላት ገለባቸውን እያራገፉ፣ «እዚህ አገር እኮ የሄደ ሰው እንደ ሄደ ነው የሚቆጠረው» አሉ።

«ታዲያ አስቀድመው አይነግሩኝም ኖሯል?»

«እኔም እንደሚጠራሽ ሙሉ እምነት ነበረኝ።»

ባዶ እጃችንን ገባን። በማግስቱ እትዬ ዶሪስ ወረዱ። «በራዲዮ ሲሉ እንደሰማሁት በረዶው ከዚህ ሳምንት አያልፍም። ዕቃውን አገኘሽ ወይስ ለሌላ ሰው ልንገር?» አሉኝ። ቤቱ ከሄደ ሹሙ ጉዳዬን አያይም፤ ጉዳዬን ካላየ አዱኛ በደቅ ይቀራል፣ ወይም ግንባር ይሄዳል። ፍርሃቴ ሲበዛ መድፈር ይሆናል፤ ሁልጊዜም እንዲያው ነኝ። የተጣላ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። በእኛ አገር ሴት ለሽምግልና አትላክም፤ በዚያ መንደር ግን ከእትዬ ዶሪስ የሚበልጥ ሽማግሌ አልነበረም።

«እርስዎና አቶ ሙላት ይሂዱልኝ» አልኋቸው። ትርንጎ እየተርበተበተች ነገረቻቸው።

«ሄጄ ምን ልበል?»

«ምንም አይበሉ። ይቁሙልኝ ብቻ። እሺ እስኪል እንዳይቀመጡ።»

ካርል በሩን ሲከፍት አራታችን ተሰልፈን ቆመናል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሙላት።

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ቡና ላፍላ?»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንጠጣም።»

እትዬ ዶሪስ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንበሩን እያዩ በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ክርናቸውን ደግፌ፣ «ትንሽ ብቻ» አልኋቸው። ያቺ ቃል ያለ አስተርጓሚ ገባቻቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። ካርል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«እኔ እኮ ከማንም አልተጣላሁም። ዋጋ ነገርኋት፣ ሄደች።»

«የሄደችው እንድትጠራት ነው» አሉ አቶ ሙላት።

«እንድጠራት?»

«አዎ። እስክትጠራት ሁለት ጊዜ በር ከፍታ ዘግታለች።»

ካርል ግንባሩን ቋጠረ። የተቆጣ መስሎኝ ትርንጎን እጇን ያዝኋት። ከዚያ ኮፍያውን አደረገና፣ «እስከ አጥሩ በር ድረስ ሂጂ በያት» አለ። ሄድሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። አጥሩ በር ላይ ስደርስ ከደጁ ሆኖ በታላቅ ድምፅ ጠራኝ፤ ስሜን እንኳ እንደምንም ብሎ አወጣው። ዘወር አልሁ። እትዬ ዶሪስ ከኋላው ተቀምጠዋል።

መሐል ላይ ተገናኘን። ለምርቃት ደግሞ የጎማ ሰንሰለት ጨመረልኝ፤ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት። ራሱ ጭኖ አምጥቶ፣ ራሱ አስሮልኝ፣ ማርሹን አሳየኝ። ማንበብ የማውቀው መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ያህል ነው፣ እሱንም በአማርኛ፤ ስለዚህ ካርል ማርሾቹ ላይ ቀለም ቀባልኝ፤ ቀዩ ሂድ፣ ሰማያዊው ተመለስ።

የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ጧት ትራክተሩ ላይ ወጣሁ። ሞተሩ ሲነሣ አማተብሁ። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ፤ እርሻ ነው። ትልሙን ይዞ መሄድ፣ ጫፍ ላይ መዞር፣ በትልሙ መመለስ። ወንዶቹ ይህን ያህል ዘመን ዕርፍ አናስይዝም ያሉን ለካ ደስ ስለሚል ነው። አሁን ጎረቤትም ይጠራኛል፤ ሰው መኪናው ሲዋጥበት «እናትየዋን ጥሩልኝ» ይላል። ሹሙ ዘንድ ስመለስ እትዬ ዶሪስ አብረውኝ ሄደው፣ «ከእኔ ቤት የትም አትሄድም» አሉት፤ ቆመው ነው ያሉት። ወረቀቱ ተፈቀደ።

በጥምቀት ሰሞን አገር ቤት የቀረችው እኅቴ አዱኛን ነጠላ አልብሳ፣ ከደሴቱ ካህናት መሐል ቀላቅላ፣ በስልክ እንድንነጋገር ባሕር ዳር ቴሌ አመጣችልኝ። ድምፁ ጎርንኗል።

«ለምን ከተማ ወጣህ? ቢይዙህስ?»

«ሕዝብ ነው፣ ማን ያየኛል። ደኅና ነሽ፣ እምዬ? ብርድ አለ?»

«ብርዱን ተወው። ወረቀትህ ተፈቅዷል። መምጣት ብቻ ነው የቀረህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የመተማው መንገድ ተዘግቷል፣ እምዬ። የሄዱት ተመልሰዋል፤ ያልተመለሱትም አሉ። አጎቴ አንተወውም፣ መንገድ እንፈልጋለን ይላሉ፤ ግን እሳቸውም ደክመዋል።»

እንደ እኔ ያለ ፈሪ ልጁን በዚያ መንገድ ና አይለው፣ እዚያው ቅር አይለው። ዝም እንዳልል ደግሞ የስልኩ ሰዓት ይሄዳል።

«እዚህ ያለውን ጠርጌዋለሁ» አልሁት። «ከአውራ ጎዳናው እስከ ደጃችን፣ ንጹሕ ነው።»

ሲስቅ ሰማሁት፤ የሱ ሳቅ ነው፣ አልተለወጠም።

«እንግዲያ ሰፋ አድርገሽ ጥረጊው» አለኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ፤ ሞተሩን አስነሥቼ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ትልም ጨመርሁለት።