የምንቀይረው ኮምፒውተር

እንጅባራ ውስጥ ስለ መኪና ከእኔ በላይ የሚያወራ አልነበረም። አሮጌዋ መኪናዬ ዳገት ላይ እንዳትለግም የሞተር ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ላስገጥምላት ቆርጬ፣ ዳንግላ ከተማ ያሉ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት።

«ተርቦ ሲገባ ዋናው ጣጣ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ነባሩ ላይ ማስተካከያ እንጨምርበት ወይስ ጭራሽ እንቀይረው? ለእኔ መቀየሩ ይሻላል፤ ነባሩ ለተርቦ የሚሆን ቤንዚን መመጠን አይችልም።»

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በትዕግሥት ሰሙኝ። ያልገባቸው መስሎኝ ከመጀመሪያው ደገምኩላቸው። ሠራተኞቻቸው ሥራ አቁመው ሲከቡን ጭራሽ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ስጨርስ ጋሽ አድማሱ ኮፈኑን ከፍተው ውስጡን በደንብ አዩ።

«የትኛውን ነው የምንቀይረው ልጄ?»

ጥቁሯን ሳጥን በኩራት አሳየኋቸው።

«እሷ የፊውዝ ሳጥን ናት» አሉኝ ቀስ ብለው። «መኪናህ አሮጌ ናት፤ ቤንዚን የሚመጥንላት ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ካርቡሬተር ነው። ኮምፒውተር ኖሯት አያውቅም።»