ሳይታይ የቀረው መዳፍ

ቢላዋ ሻጩ ወደ ሱቁ የገባን ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቢላዋ አልነበረም። "እጅህን አሳየኝ" ነው የሚለው። ሰውየው ግራ ይገባዋል፤ ቢላዋ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ጠንቋይ ቤት የገባ ይመስለዋል። ቢሆንም እጁን ይዘረጋል። ቢላዋ ሻጩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅልና መዳፉን በባንኮኒው መብራት ስር ያገላብጠዋል፤ ከአውራ ጣቱ ስር ያለውን ሥጋ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ጣቶቹን አጥፎ ይዘረጋቸዋል። ከዚያ ዘወር ብሎ ከመደርደሪያው አንድ ቢላዋ ያወጣል። አብዛኛው ሰው ያንኑ ይዞ ይሄዳል። በሰፈሩ "መዳፍ አንባቢው" የሚል ስም የወጣለት በዚሁ ነው። ስሙን ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል እንጂ በሆዱ ደስ ይለው ነበር።

ልማዱን የወረሰው ከቀድሞው የሱቁ ባለቤት ነው። ሽማግሌው በጉብዝናው ዘመን አዳኝ የነበረ፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የጎደሉ፣ ስለ ጎደሉት ጣቶችም በጠየቁት ቁጥር ሌላ ታሪክ የሚያወራ ሰው ነበር። ወጣቱን ሻጭ ያስተማረው ግን ቀልድ አልነበረበትም። ለአደንና ለጫካ የሚሆን ቢላዋ ከመዳፍ ብዙም መብለጥ የለበትም፤ ረጅሙ ለጉራ ነው። ሴንጢ ኪስ ውስጥ ይመቻል፤ ነገር ግን ማጠፊያው ውስጥ ደምና ፀጉር ይገባበታል፣ ባልታሰበ ሰዓትም ጣት ላይ ይታጠፋል። እጀታው በደምና በስብ ሲርስ የማያንሸራትት ይሁን። ከሁሉም በላይ የሚታየው ደግሞ የማይታየው ነገር ነው፤ ብረቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል ይዘልቃል? እጀታው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ሽማግሌው የብረቱ ጭራ ይለው ነበር። ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ ከዘለቀ ቢላዋው ሰውን አይከዳም። አጭር ከሆነና በማጣበቂያ ብቻ ከተያዘ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ እጅ ውስጥ አይግባ።

ሽማግሌው ሲሞት ሱቁ ለሻጩ ቀረ። ጫማ ጠጋኝና ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነች፤ መስኮቷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። በግራ በኩል የወጥ ቤት ቢላዋዎች ይደረደራሉ፤ የሱቁን ኪራይ የሚችሉት እነሱ ናቸው። በቀኝ በኩል ያሉት የአደን ቢላዋዎች ግን የልቡ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እያነሳ በዘይት ጨርቅ ያብሳቸዋል።

አንድ ነገር ሳይደበቅ ይነገር። ቢላዋ ሻጩ እድሜውን ሙሉ ጫካ የረገጠው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከሽማግሌው ጋር ጠዋት ወጥቶ፣ ጫማው ውሃ ስለገባበት በከሰዓቱ አውቶቡስ የተመለሰበት ቀን ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከደንበኞቹ ወሬና ከካታሎግ ነበር። እውቀቱ ግን እውቀት ነበር፤ አዳኞቹ ራሳቸው እየመጡ ይጠይቁታል። ይህ ነገሩ ታዲያ ሲነኩበት ያመው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያመው ቦታ አለው።

የነካበት ደግሞ ባዳ አልነበረም። የአንድ እህቱ ባል፣ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ደንበኞቹ ግማሾቹ ፀጉራቸው ሳያድግ የሚመጡት ለወሬው ነው ይባላል። የአደን ወቅት ሲከፈት ፈቃዱን አውጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ቢላዋ ሻጩ በእድሜ ስለሚበልጠው "ጋሼ" ይለዋል፤ እሁድ እሁድ ካርታ ይጫወታሉ፤ ይዋደዱም ነበር።

በእህትየው የልደት ቀን ምሳ ላይ ነው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተሰብስቧል። የተጠበሰው ሥጋ መጣና አንዱ እንግዳ ቢላዋውን ለቢላዋ ሻጩ ሊያቀብለው ሲል ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ።

"ኧረ ለአማቼ እንዳትሰጡት" አለ። "ሰላሳ ዓመት የአደን ቢላዋ ሲሸጥ ኖሮ እስከ ዛሬ ያሸነፈው አውሬ ቢኖር የሱቁ አይጥ ናት። እሷም አርጅታ ነው የሞተችው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እህቱም ሳቀች፤ እሷን ሲያይ ነው ነገሩ ሆዱ ውስጥ የገባው። ቢላዋ ሻጩ ፈገግ ብሎ የደረሰውን በላ፣ ራሴን አሞኛል ብሎም በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ። በቀጣዩ እሁድ ካርታ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ባለው እሁድ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን የሱቁ በር ደወል ጮኸና ፀጉር አስተካካዩ ገባ። አሮጌው ቢላዋ ወንዝ ውስጥ ወድቆበት እንደጠፋ ተናገረ፤ አደኑ ቅዳሜ ነው፤ አንድ ነገር መግዛት አለበት። እንደወትሮው ቀልድ አላመጣም። ባንኮኒውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ቀረ።

እዚያ የነበረው ቢላዋ ማንንም የሚያማልል ነበር። እጀታው ቀንድ ነው፤ ብረቱ ክንድ ያህላል፣ ያንጸባርቃል፣ ጎኑ ላይም የሚዘል አጋዘን ተቀርጾበታል። ከአንድ አዲስ አቅራቢ ከሦስት መሰሎቹ ጋር ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ቢላዋው በመጣ ቀን ሻጩ አንስቶ ጣቱ ላይ ሲያመዛዝነው ብረቱ ወደ ፊት ተደፋ፤ እጀታው ባዶ ቀፎ ነው። ጭራው ከሁለት ጣት እንደማይበልጥ ያን ጊዜውኑ ገባው። ጣት ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚከለክል ማገጃ እንኳ የለውም። የጠየቁትን ሁለት ሰዎች "ይህ ለግድግዳ ነው፣ ለእጅ አይሆንም" ብሎ መልሷቸዋል።

"ይሄስ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ቆንጆ ነው" አለ ቢላዋ ሻጩ።

ያለው ይህንኑ ብቻ ነው። ይቅመሳት ብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን እጀታው ይወላልቃል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምሳ ላይ የሚወራው ታሪክ የኔ ይሆናል። ያሰበው ይህን ያህል ነው። ሳቁን አሰበ፣ እጁን ግን አላሰበም። ቢላዋውን ከአፎቱ ጋር ጠቅልሎ ሰጠው። "እጅህን አሳየኝ" አላለውም።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ብዙ ቆየ። ቢላዋ ሻጩ ጨርቁን አንስቶ ንጹሑን የባንኮኒ መስታወት ይወለውል ገባ። በመጨረሻ ደወሉ ጮኸና በሩ ተዘጋ።

ሰኞ ጠዋት እህቱ ደወለች። ድምጿ የሷ አይመስልም። ባሏ የጣለውን አጋዘን ደረት ሊከፍት ሲጫን እጀታው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በደም የራሰው እጁም ስለቱ ላይ ተንሸራተተ። ቀኝ እጁ ነው። የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሞቹ ሰፍተውታል፤ ጣቶቹ አሉ። ግን መቀስን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አውራ ጣት ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ አውራ ጣት ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል።

ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጦ አጋዘኑ እንደተበቀለው እያወራ የክፍሉን በሽተኞች ያስቃል፤ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ቸኩዬ ነው ይላል። ቢላዋ ሻጩ ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ። ልክ ያን ጊዜ ነርሷ ሙቀት ልትለካ ገባች፤ አፉን ዘጋ። ነርሷ ወጥታ ብዙ ሰዓት ቢቀመጥም አልተናገረም። ከሆስፒታል እንደወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዶ ከዚያ ዓይነት የቀሩትን ሦስት ቢላዋዎች ከመስኮቱ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው፣ በላያቸውም ጨርቅ ጣለ።

የፀጉር ቤቱን መቀስ እህቱ አነሳችው። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ለመቀስ እንግዳ አልነበረችም፤ ፀጉር ግን እንደ ጨርቅ ረግቶ አይተኛም። ባሏ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በቃል ይመራታል። "ከጆሮው በላይ ቀስ። እሱን ተይው። አሁን ከኋላ።" ጨዋታው አልጠፋም፤ ደንበኞቹም ግማሾቹ መምጣታቸውን አልተዉም። ቢላዋ ሻጩ በወር አንዴ እየሄደ ፀጉሩን ይቆረጣል። እህቱ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ቆርጣዋለች፤ አንድም ቀን አልተነፈሰም። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱንም ያያቸዋል፤ እህቱ ከንፈሯን ነክሳ ስትቆርጥ፣ ባሏ ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ ሲመራት። ያንን እጅ ግን አይቶት አያውቅም። የመንደሩን መዳፍ ሁሉ ያገላበጠ ሰው፣ የዚያ ሰው እጅ ከኪሱ ብቅ ሲል ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ይቆጨው ነበር። ቁጭቱ ቀን ሥራ ሲያስፈታው፣ ምሳው ላይ ሲያስተክዘው ዓመታት አለፉ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብሎ የሄደበት ቀን ብዙ ነው። ሲደርስ ደንበኛ አለ፤ ደንበኛ ከሌለ እህቱ አለች፤ እህቱ ከሌለች ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ደስ ብሎት እየሳቀ ነው፣ ይህን ሳቅ እንዴት ይበጠብጠዋል? ሰበብ ለፈለገው አይጠፋም። እንዲህ እንዲህ እያለ አስር ዓመት ሞላ።

አንድ ጠዋት ቢላዋዎቹን በዘይት ጨርቅ እያበሰ ሳለ ደወሉ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ እዚህ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።

ሴት ልጁ ሥራ እንዳገኘች ነገረው። የደን ጥበቃ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ጫካ ትገባለች። እናትየው እያለቀሰች ነው፤ እሱ ግን ኮርቷል። ቢላዋ ሊገዛላት ነው የመጣው። ይህን ብሎ በግራ እጁ ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። በእርሳስ የተሳለ እጅ ነው። የልጅቱን መዳፍ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በግራ እጁ ስሎታል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስም አምልጦ ወጥቷል።

"እጇን አሳየኝ እንደምትል ስለማውቅ ነው" አለ። "እሷ ሥልጠናዋ ላይ ናት።"

ቢላዋ ሻጩ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ጣቶቹን ለካ፤ የመዳፉን ስፋት ለካ። ከመደርደሪያው ያወረደው ቢላዋ አጭር፣ የማይታጠፍ፣ ሣር ውስጥ ቢወድቅ እንዲታይ እጀታው ብርቱካናማ የሆነ ነው። ከዚያም ማስረዳት ጀመረ። ለማንም ያላስረዳውን ያህል አስረዳ። እርጥብ ሲሆን እንዴት እንደሚያዝ፣ አፎቱ ቀበቶዋ ላይ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ስትቆርጥ ስለቱ ከሰውነቷ ወደ ውጭ እንዲሄድ፣ በስንት ቀኑ እንደሚሳል። ፀጉር አስተካካዩ አላቋረጠውም። በመጨረሻ ቢላዋ ሻጩ እጀታውን ገልብጦ ጫፉ ላይ ብቅ ያለውን ብረት አሳየው።

"ጭራው እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል" አለ። "አየኸው? እስከ መጨረሻው..."

"አየሁት" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ውጭ አውቶቡስ መጥቶ ሰው ጭኖ ሄደ።

"የዚያኛው ጭራ አጭር ነበር" አለ ቢላዋ ሻጩ። "አውቅ ነበር። ስሸጥልህ አውቅ ነበር።"

ፀጉር አስተካካዩ አልደነገጠም። "አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"አንተው ነህ። ለማታውቀው ሰው ሁሉ እጅህን አሳየኝ ስትል እሰማህ ነበር። የዚያን ቀን የኔን አላየህም። ያን ጊዜ ተቀይሞኛል አልኩ እንጂ ቢላዋው መጥፎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሲሰበር ነው የገባኝ።" ወደ በሩ በአገጩ አመለከተ። "በሩ ላይ ጫማዬን ሳስር ትዝ ይልሃል?"

"ትዝ ይለኛል።"

"ጫማዬ አልተፈታም ነበር፣ ጋሼ። ለዚያ ቀልድ ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት፤ ቢላዋው ሰበብ ነው። አፌ እምቢ አለኝ። እስክትጠራኝ ነበር የምጠብቀው።"

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የጎደለችው። ስሙን ቢጠራው በቂ ነበር፤ እሱ ግን ንጹሕ መስታወት ይወለውል ነበር። ብርቱካናማውን ቢላዋ በወረቀቱ ላይ አስቀመጠና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"እጅህን አሳየኝ" አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ በመብራቱ ስር ዘረጋለት። ቢላዋ ሻጩ በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጠው። ጠባሳው ከአውራ ጣቱ ስር ተነስቶ መዳፉን አቋርጦ ያልፋል። ሥጋውን ጫን ጫን አደረገ፤ የቀረ ሥጋ የለውም፣ ቀልጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። አውራ ጣቱ ጋ ሲደርስ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አላየም፤ በሱቁ ካለው ሁሉ ለዚያ እጅ የሚሆን እንደሌለ ያውቃል።

ደወሉ ጮኸና አንዲት ሴት ገባች። የወጥ ቤት ቢላዋ እንደምትፈልግ ተናገረች።

"ትንሽ ይጠብቁኝ" አላት ቢላዋ ሻጩ፣ ቀና ሳይል፣ እጁን ሳይለቅ።