በዒዳ ሳለሁ የተጓዝኩት የሰቃ መንገድ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ባቄላ ምድጃ ላይ ረስቼ አሳርሬአለሁ። አንድ ቀን ደግሞ የገዛ እህቴን ልጠራ አፌን ከፍቼ ስሟ ጠፋኝ። ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ የቆየችው ልጄ ይህን ስታይ ዒዳዬ እንዳለቀ ቤቱን ዘግተን አብረን እንደምንሄድ ነገረችኝ። የእሷ ቤት የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የኖርኩበትን ቤት ትቶ መሄድ አልሆነልኝም።

ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ካልቸገራት በቀር ከቤት አትወጣም። ተቀምጬ የጀመርኩትን ሐሳብ እንኳ አልጨርስም ነበር።

አጠገባችን የሚኖሩት ጡረተኛዋ አስተማሪ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይሉ ነበር። ጭንቅላቴ እንደከዳኝ ስነግራቸው አላዘኑልኝም። አእምሮም እንደ እግር ሥራ ሲያጣ ይሰንፋል ብለው የቤት ሥራ ሰጡኝ፦ ከሰፈሬ ከጊንጆ ጉዱሩ፣ ከቤቴ ደጃፍ ተነስቼ ሰቃ ከተማ እህቴ ቤት እስክደርስ መንገዱን ከቤት ሳልወጣ በቃሌ መሄድ።

የመጀመሪያ ቀን ከመስጊዱ አላለፍኩም። በሁለተኛው ሳምንት መናኸሪያ ደረስኩ። አስተማሪዋ ያልኩትን ይዘው ይወጡና እግረ መንገዳቸውን አይተው ይመጣሉ።

«ወፍጮ ቤቱን ዘለሽው» ይሉኛል። «በዚህ አካሄድሽ ሰቃ ሳይሆን አጋሮ ነው የምትደርሽው። ተመለሺ።»

ስለምድ መንገዱን ከሰቃ ወደ ቤቴ ገልብጠው አስኬዱኝ። ያ ከበደኝ። የባለቤቴ ወዳጅ ቡና የሚያሰጣበት ግቢ ጋ ስደርስ አለቅሳለሁ። እሳቸው እንባዬን እስክጠርግ ይጠብቁና «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ይላሉ።

ዒዳዬ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ወደ ሰቃ ሄድኩ። ደርሼ ከተመለስኩ ልጄ ነገሩን እንደገና ልታስብበት ተስማምታ ነበር። ከሚኒባሱ ስወርድ የእህቴ ቤት መታጠፊያ ምልክት የነበረው ትልቁ ዋንዛ የለም። ተቆርጦ በቦታው ግንብ ቆሟል። ቢስሚላህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና ከእህቴ ደጅ ተነስቼ ወደ ኋላ መጣሁ፤ የቆርቆሮው አጥር፣ የውሃ ቦኖው፣ ዳገቱ። ዓይኔን ስገልጥ ያ ዳገት ከግንቡ ጎን ቁልቁል ይወርዳል።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። የዋንዛውን መቆረጥ እህቴ በስልክ ነግራት ኖሯል። ማንን ጠይቄ እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። ማንንም አልጠየቅኩም አልኳት። ነጠላዬን ከትከሻዬ ተቀበለችኝና፣

«እንግዲህ እኔ ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች። «አንቺ ግን በየቀኑ ደውለሽ አንድ መንገድ ትነግሪኛለሽ።»

የመጀመሪያውን የነገርኳት በዚያው ሰኞ፣ ገና አውቶቡስ ላይ ሳለች ነው። ከቤታችን እስከ በቾ ቦሬ ሰፈር። አባቷ ልብስ ያሰፋበት የነበረው ሱቅ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ትንሽ ቆም አልን።